እንግዳው ምን ይዞ ይመለስ?



በዚህ የአምቦ አዳራሽ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች አሉ፤ የመካነ ኢየሱስና የሙሉ ወንጌል ምእመናን አሉ፤ የዋቄፈና ተከታዮችም አላችሁ። ስለ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጉብኝት ልናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ ከቤታችን የራቀ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከባሕር ማዶ «እኅት ቤተ ክርስቲያን ነን» ብሎ የሚመጣ እንግዳ ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች ብርቅ አይደለም። ተቀብለነዋል፣ አብልተነዋል፣ ሸኝተነዋል። ስለ መቀበላችን ግን ቁጭ ብለን የተነጋገርንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የዛሬው ንግግሬ ዓላማም ይኸው ነው፤ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ባሕር ተሻግራ ሌላይቱን ስትጎበኝ ምን ልትቀበል ትመጣለች ብሎ መጠየቅ። ምን ልትሰጥ የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል፤ እኔ የምጠይቀው ምን ልትቀበል ነው። እምነቴን ከወዲሁ ልናገር፤ ሰጥቶ ብቻ የሄደ እንግዳ ጉብኝቱን አልፈጸመም። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ ከወንጪ እነሣለሁ፤ ከዚያ አንግሊካኖች ራሳቸው ስለ ጉዳዩ ወዳሰቡትና ወደ ጋምቤላ እሻገራለሁ፤ ቀጥሎ ከእኛው ወገን ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ ከእነርሱ ወገን ስለ ኤዲንብራ አንዲት ቤተ ክርስቲያን እናገራለሁ። በመጨረሻ ወደ እኛው የአቀባበል ልማድ እመለሳለሁ።

ሐሮ ወንጪን፣ የወንጪን ሐይቅ፣ የማያውቅ በመካከላችን የለም። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ደጋውን ወጥተን ከአፋፉ ስንቆም፣ ጥንት እሳተ ገሞራ ትቶት ያለፈው ጎድጓዳ ከነሐይቁ ከሥራችን ይዘረጋል። ቁልቁል በፈረስ ይወረዳል፤ የእንሰቱ ጓሮና የገብሱ ማሳ እየታለፈ ሐይቁ ዳር ይደረሳል፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ፣ ወደ ወንጪ ቂርቆስ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አስገብቷታል፤ ገበታ ለሀገር የተባለው ፕሮጀክትም ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ከመረጣቸው ሦስት ስፍራዎች አንዷ ናት። እንግዳው ወደፊትም ይበዛል እንጂ አያንስም።

ይህ ጎብኚ ለፈረሱ ይከፍላል፣ ለጀልባው ይከፍላል፣ አይቶ ይመለሳል። ነውር የለበትም፤ ፈረሱን ለሚስበው ወጣት እንጀራው ነው። ሒሳቡም በዚያው ይዘጋል፤ ጎብኚውና ባለፈረሱ ዕዳ ሳይኖርባቸው ይለያያሉ። ከአንድ ሀገረ ስብከት ተልኮ የሚመጣ እንግዳ ግን «ወንድማችሁ ነኝ፣ እኅታችሁ ነኝ» ብሎ ነው የሚመጣው። ወንድም ሒሳብ ዘግቶ አይሄድም። ባለፈረሱ የማይጠይቀውን ጥያቄ ልንጠይቀው መብት አለን፤ እርሱም ቱሪስቱ የማይመልሰውን ሊመልስልን ይገባዋል።

እስቲ አንዱን የእንግሊዝ ካህን በደሴቲቱ ላይ እናቁመው። ጫማውን ከቅጽሩ በር አውልቆ፣ እርጥቡ ሣር ከእግሩ ሥር እየቀዘቀዘው፣ ከደብሩ ካህን ጋር ይቆማል። የእኛው አባት «እናንተ ዘንድ ዐቢይ ጾም ስንት ቀን ነው?» ይሉታል። እንግዳው 40 ቀን ነው ይላል፤ የእኛ 55 ነው። እስከዚህ የቁጥር ጨዋታ ነው። አባታችን ግን አያቆሙም፤ «ከምእመናንህ ስንቱ ይጾማል?» ብለው ይደግሙታል። እዚህ ላይ እንግዳው ዝም ማለቱ አይቀርም። ስንቱ እንደሚጾም፣ ለምን እንደተወ፣ መቼ እንደተወ ለራሱም ማሰብ ይኖርበታል። ያን ጥያቄ ተሸክሞ ወደ አጥቢያው ቢመለስ፣ ከወንጪ ከሚያነሣው ፎቶግራፍ ሁሉ ይበልጥበታል። እኛ ጠያቂ ለመሆን ስለማንደፍር ግን ብዙ እንግዶች ይህን ስጦታ ሳያገኙ ሄደዋል።

አሁን ወደ አንግሊካኖች ልሻገር። አንግሊካን ስንል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሮም የተለየችውን የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያንና ከእርሷ የበቀሉትን በየአህጉሩ ያሉ ቤተ ክርስቲያናት ማለታችን ነው። ከ40 በላይ የሆኑት እነዚህ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ያስተዳድራሉ፤ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ በክብር ይቀድማል እንጂ እንደ ሮም ፖፕ አያዝዝባቸውም። ዛሬ ምእመናኑ በብዛት የሚገኙት በለንደን ሳይሆን በናይጄሪያ፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያ ነው።

ወደ ሸዋ የመጡበት ታሪክ ቀላል አይደለም። በ1831 ዓ.ም. ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ አንኮበር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። ሰውዬው ጀርመናዊ ነው፤ የላከው ግን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር ነው። ኦሮምኛ ተምሮ ወንጌልን ወደዚህ ሕዝብ ቋንቋ መተርጎም ጀመረ። ከእርሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የፈጸመው ታላቅ የትርጉም ሥራ ከዚያ ቀደም ብሎ የተጣለ የመሠረት ድንጋይ ነበረው ማለት ነው፤ ስለዚህ ክራፍ ምስጋና አይነፈገውም። ይሁን እንጂ በሀገራችን ያገኛትን ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ያያት እንደምትታረም እንጂ እንደምታስተምር አድርጎ አልነበረም። ከሸዋ ከወጣ በኋላ ሊመለስ ቢሞክር በሩ ተዘግቶ ጠበቀው። የተዘጋበት ምክንያት ፖለቲካም ነበረበት። ግን ከቋንቋው በቀር ከቤቱ ባለቤት የሚማረው ነገር እንዳለ ያላሰበ እንግዳ ሁለተኛ በር ሲከፈትለት አይታይም።

ይህን ዓይነቱን ዝንባሌ አንግሊካኖች ራሳቸው ቆይተው መረመሩት። እ.ኤ.አ. በ1963 በካናዳ ቶሮንቶ ከመላው ዓለም ተሰብስበው ስለ እርስ በርስ ኃላፊነትና መደጋገፍ አንድ ሰነድ አወጡ። መንፈሱን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ሰጪ ቤተ ክርስቲያንና ተቀባይ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ክፍፍል ይቅር፤ እያንዳንዷ የምትሰጠውም የምትቀበለውም አላት፤ ስለዚህ አንዷ ለሌላዋ ተጠያቂ ናት። አንድን ሀገረ ስብከት ከሌላ ሀገረ ስብከት ጋር የማጣመር ልማድ ከዚህ በኋላ በሰፊው ተስፋፋ። ከሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የሳልስቤሪ ነው። በደቡብ እንግሊዝ ያለው ይህ ሀገረ ስብከት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ከሱዳን ቤተ ክርስቲያን ጋር ተጣምሮ፣ የእርስ በርሱ ጦርነት ባለበት ዘመን ሁሉ ሳይለያይ ቆይቷል። እኔን የሚያስደንቀኝ የእርዳታው ብዛት አይደለም። በእንግሊዝ ገጠር ያለች አንዲት አጥቢያ ስለ ጁባ ስትጸልይ ትውልድ መተካቱ ነው።

የሱዳኑ ነገር ደግሞ ወደ ሀገራችን ያስገባናል። ከአምቦ ተነሥተን በነቀምት፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ ብንወርድ ጋምቤላ እንደርሳለን። በዚያ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አለች። ያቋቋሟት በዋናነት ነጭ ሚሲዮናውያን አይደሉም፤ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች እምነታቸውን ይዘው ተሻግረው፣ ከአኙዋኩና ከኑዌሩ ወገናቸው ጋር ተቀላቅለው ነው ያሳደጓት። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የስደተኛ ካምፖቹ እንደገና ሞሉ፤ በየካምፑም ጉባኤው በዛ።

ስለ ጋምቤላው አምልኮ ጥቂት ልቆይ፤ ለነገሬ ትልቅ ቦታ አለውና። ቤተ ክርስቲያኑ በብዙ ስፍራ የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ነው፤ እርሱ በሌለበት ዛፍ ነው። በሙቀቱ መካከል ከበሮው ይመታል፤ መዝሙሩ በአኙዋክኛ ይጀመርና በኑዌርኛ ይቀጥላል፤ በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ ብዙ ቋንቋ ይነገራል። ከፊት የሚታዩት የእናቶች ኅብረት አባላት ናቸው። ይህ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1876 ሜሪ ሰምነር የተባለች የእንግሊዝ ቄስ ባለቤት በገጠር አጥቢያዋ የጀመረችው ነው፤ ዛሬ ከአባላቱ የሚበዙት አፍሪካውያን እናቶች ሆነዋል። በአኙዋክና በኑዌር መካከል ደም ሲፈስ በኖረበት ምድር፣ የሁለቱ ወገን እናቶች በአንድ ኅብረት ስም አንድ ጣራ ሥር ሲቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም። ከእንግሊዝ የሚመጣ እንግዳ የራሱን ሀገር ኅብረት በዚህ ዐዲስ ሥራ ላይ ሲያገኘው የሚማረው እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳዊው ኤጲስ ቆጶስ ግራንት ሌማርካንድ ለአፍሪካ ቀንድ ተሾሞ ሲመጣ፣ ከሐኪም ባለቤቱ ጋር መኖሪያውን ጋምቤላ አደረገ። በዘመኑ በዚያች ከተማ የቅዱስ ፍሬምናጦስ የሥነ መለኮት ኮሌጅ ተከፈተ። ፍሬምናጦስ የእኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው፤ በእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ እጅ የተሾመው የመጀመሪያው ጳጳሳችን። ስሙ ለጋምቤላ ተማሪዎች መሰጠቱ እንግዳው የቤቱን ባለቤት ታሪክ እንዳከበረ ያሳያል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ እነዚህ የሀገራችን አንግሊካኖች ራሷን ወደቻለችው የእስክንድርያ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተጠቃለሉ፤ መንበሯ ካይሮ ነው። ከግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ እንዳልሆነች ላስታውሳችሁ፤ ጳጳስ ስንቀበል የኖርነው ከኮፕቷ ነው። ቢሆንም የጋምቤላው ምእመን ዛሬ አለቃውን የሚያገኘው በለንደን ሳይሆን በአባይ ወንዝ ላይ ባለች ከተማ መሆኑን ልብ በሉ። ጉብኝት ሁሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከነጭ ወደ ጥቁር ነው ያለው ማን ነው?

ሦስተኛው ክፍል የገንዘብ ነገር ነው። ገንዘብን ሳላነሣ ብሄድ ከእናንተ ጋር በእውነት አልተነጋገርሁም። እዚህም ከቄስ ጉዲና ቱምሳ የተሻለ አስተማሪ የለንም። በ1921 ዓ.ም. በወለጋ ቦጂ ተወልደው፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ተምረው፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆነው ሳሉ፣ በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። የዚያ ደብዳቤ መንፈስ የእርሳቸው ነው። በዚያን ጊዜ የምዕራቡ ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለውሃ ጉድጓድ ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ሥራና ለአጥቢያ አገልጋይ ሥልጠና ግን እጃቸው ይከብድ ነበር። ደብዳቤው ሰው ለሁለት አይከፈልም አላቸው፤ ሥጋውን እናልማ፣ ነፍሱን ግን ራሳችሁ ተወጡት የሚለው ሐሳብ የእናንተ እንጂ የእኛ አይደለም አላቸው።

ይህን ደብዳቤ ከአቤቱታ የሚቆጥሩት አሉ። እኔ የጉብኝት መልስ አድርጌ አነበዋለሁ። ተቀባይ ተብላ የተመዘገበች ቤተ ክርስቲያን፣ «እናንተ ከሀብታችሁ ጋር የሰው ልጅን ሙሉነት አጥታችኋል፤ ከእኛ ውሰዱ» ብላ ስትሰጥ ነው የምናየው። ያውም ገንዘቡ እያስፈለጋት። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለዓመታት ታሰሩ። ትምህርታቸው ግን በዓለም ሴሚናሪዎች ዛሬም ይጠናል።

ከዚሁ ጋር ሌላ እውነት ላክል። ይህችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ2005 ዓ.ም. በጋብቻ ትምህርት ምክንያት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካዋ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። አንግሊካኖቹም በዚሁ ጉዳይ እርስ በርሳቸው ክፉኛ ተለያይተዋል። በመካከላችን የተለያየ አስተያየት ስላለ ወደ ክርክሩ አልገባም። ለዛሬው ነገሬ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ በገንዘብ ታናሽ የሆነችው ወገን እንቢ ማለት ትችላለች፤ እንቢታ የማይቻልበት ወዳጅነት ደግሞ ከመጀመሪያውም ወዳጅነት አልነበረም።

አሁን ወደ ስኮትላንድ ዋና ከተማ እንሂድ። በኤዲንብራ የቅዱስ ዮሐንስ የሚባል የአንግሊካን ኅብረት አካል የሆነ ደብር አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የደብሩ ካህን ጆን መክለኪ በቁም ሣጥን ውስጥ ሌላ ነገር ሲፈልግ አንድ የእንጨት ጽላት አገኘ። ካህኑ ኢትዮጵያን ያውቅ ነበር፤ ያየውም ታቦት መሆኑን ለየ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው ንዋየ ቅድሳት አንዱ ነው፤ ከዘመቻው የተመለሰ መኮንን ለደብሩ ሰጥቶት፣ የማን መሆኑን የሚያውቅ ሳይኖር ከመቶ ዓመት በላይ በሣጥን ተቀምጧል።

ደብሩ ያደረገውን አስተውሉ። ታቦቱን ሙዚየም አላስገባም፤ ለጨረታም አላወጣም። የኢትዮጵያ ካህናትን ጠርቶ በጥር 1994 ዓ.ም. በሥርዓት አስረከበ። ታቦት ዓይን እንዳያየው በመጎናጸፊያ መሸፈኑን ስኮትላንዳውያኑ ያን ዕለት ከእኛ ተማሩ። ያ ታቦት አዲስ አበባ ሲደርስ ሕዝቡ በእልልታና በዝማሬ መንገዱን ሞልቶ ተቀበለው። እኔ ስለ ቤተ ክርስቲያን ጉብኝት ሳስብ ከሁሉ በላይ የምወደው ታሪክ ይህ ነው። የኤዲንብራ ምእመናን ከእኛ የያዙትን ፈልገው አገኙ፣ አምነው ተናገሩ፣ መለሱ። ከአንድ ደብር የሚጠበቀው የመጀመሪያው እርምጃ ምንጊዜም ይህ ይመስለኛል፤ ልርዳችሁ ከማለት በፊት ከእናንተ ምን ይዣለሁ ብሎ ቤትን መፈተሽ።

ሌሎች ገና ናቸው። የለንደኑ ዌስትሚንስተር አቢይ በመንበሩ ውስጥ ያለውን ታቦት መመለስ ተገቢ እንደሆነ በ2016 ዓ.ም. በመርህ ደረጃ ተቀብሏል። በብሪቲሽ ሙዚየም ግን 11 ታቦታት ለሠራተኛው እንኳ በማይታዩበት ክፍል ተቀምጠዋል። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በ18 ዓመቱ ሞቶ፣ አፅሙ በዊንድሶር በሚገኘው በአንግሊካን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት እንዳረፈ ነው፤ ወደ ሀገሩ ይመለስ ተብሎ የቀረበው ጥያቄ አልተፈቀደም። ከእንግሊዝ ሀገረ ስብከት ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ እንግዳ ይህን ሊያውቅ ይገባዋል። እኛም በጨዋነት፣ ቡናውን እየቀዳን፣ ልናነሣለት ይገባል። ማንሣታችን ስድብ አይሆንም፤ ወንድም ለወንድሙ የሚናገረው እንዲህ ያለውን ነገር ነውና።

ወደ መጨረሻው ክፍል ደርሻለሁ፤ ወደ እኛው አቀባበል። በከተሞቻችን የእንግዳ ቀን እንዴት እንደሚውል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባነር ይሰቀላል፤ መዘምራኑ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ፤ በሬ ይታረዳል። እንግዳው ከፊት ወንበር፣ የታሸገ የአምቦ ውሃ ከፊቱ። ሪፖርት ይነበባል፤ ከሪፖርቱ በኋላ የችግር ዝርዝር ይነበባል፤ ቡልኮ ይለበሳል፤ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ መኪናው ይነሣል። ፍቅራችን እውነተኛ ነው፤ በዚህ ማንም አይጠራጠር። ግን በዚህ ፕሮግራም እንግዳው የሚያየው የተዘጋጀለትን ቀን እንጂ እኛን አይደለም። እርሱ ደግሞ ስለ ራሱ አንድ ቃል ሳይናገር ይሄዳል፤ የሚጠይቀው የለምና።

ስለዚህ እነዚህን ነገሮች እንድትሞክሩ እለምናችኋለሁ። የችግር ዝርዝሩ ከመነበቡ በፊት እንግዳው ስለ ገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ኀዘን ይናገር። በእንግሊዝ አጥቢያዎች የሰንበት ወንበር እየሳሳ፣ አንድ ቄስ ብዙ ደብር እያገለገለ ነው፤ ወጣቱ ርቋል። ይህን ኀዘን ለኛ ቢነግረን ልናጽናናው፣ ልንጸልይለት እንችላለን፤ የሚፈልገውም ይህንኑ ይሆናል። አንድ ሌሊት ከሆቴል ውጭ፣ ጓሮው እንሰት ካለበት ቤት ይደር። እንሰት ሲፋቅ አብሮ ይቀመጥ፤ ልጆቹ ማታ ሲያጠኑ ይይ። ስብከቱን ደግሞ ያሳጥር፤ ከእርሱ ይልቅ የደብሩ ሽማግሌ ይናገሩ፣ እርሱ ማስታወሻ ይያዝ።

ሁለተኛው ልመናዬ ስለ መልሱ ጉብኝት ነው። ጉብኝቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲፈስ እንደኖረ ታውቃላችሁ። ከዚያ የሚመጣው ትኬት ገዝቶ ይመጣል፤ ከእኛ የሚሄደው በኤምባሲ ደጅ የባንክ ደብተሩን ይዞ ይቆማል፤ ስንቱም ተከልክሎ ይመለሳል። «እኅት ነኝ» የምትል ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ቪዛ በሀገሯ መንግሥት ፊት መቆም አለባት፤ የግብዣ ደብዳቤ ልኮ ዝም ማለት አይበቃም። ይህን በስምምነታችሁ ውስጥ አስጽፉት።

ቪዛው የተገኘ ዕለት ደግሞ የሚሄደውን ሰው አስቡበት። እስካሁን የሚሄዱት መሪዎች ናቸው፤ ፕሬዚዳንቱ፣ ጸሐፊው፣ እንግሊዝኛ የሚችለው። እነርሱም ይሂዱ። ከእነርሱ ጋር ግን ከወንጪ ደጋ አንዲት እናት ትሂድ፤ የዕድሯን ገንዘብ ለዓመታት ያለ ጉድለት የያዘች፣ ሙት ስትሸኝና አራስ ስትጠይቅ የኖረች፤ ከጎኗም ኦሮምኛዋን የሚተረጉምላት ወጣት። በሳልስቤሪም ሆነ በሌላ የእንግሊዝ ደብር ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ትጠይቅ፤ ማን እንደሚቀብራቸው፣ ማን ሌሊት እንደሚያድርላቸው ትጠይቅ፤ የእኛ ዕድር እንዴት እንደሚሠራም ተቀምጣ ታስረዳቸው። ለዚህ የሚሆኑ እናቶች በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን የምታውቁት እናንተ ናችሁና ከዛሬ ጀምራችሁ መዝግቧቸው።